የሚያስቅ የፍቅር ታሪክ ማንበብ ምን ይጠቅማል?



ፊደል ከለያችሁ ወዲህ ብዙ አንብባችኋል። ስለ ማዳበሪያ አንብባችኋል። ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ልጆች ክትባት፣ ስለ እርከን ሥራ አንብባችኋል። ሁሉም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን በየትምህርት ጣቢያው አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይቀርብልናል። «ለመሣቅ ብሎ ማንበብ ይቻላል ወይ? የልጆች አባት፣ የልጆች እናት የሆነ ሰው የፍቅር ታሪክ ይዞ ቢቀመጥ ነውር አይደለም ወይ?» ትሉናላችሁ።

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል። ዝገቱን የሚያስለቅቀው ማንበብ ብቻ ነው። ታዲያ ሰው ምክርና መመሪያ ብቻ እያነበበ አይዘልቅም። ማታ ከራት በኋላ፣ መብራት አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ «ቀጥሎስ ምን ሆነ?» እያለ ገጽ የሚያስገልጠው ነገር ይፈልጋል። እንቅልፉን የሚያስረሳው ነገር ይፈልጋል።

ስለዚህ ዛሬ የምንጽፍላችሁ፣ ሰውን በማሣቅ ስለ ታወቀች አንዲት የእንግሊዝ አገር ደራሲ ነው። ስሟ ጆርጄት ሄየር ይባላል። የጻፈችው ስለ ድሮ ዘመን ፍቅር ነው። ልብ ወለድ ነው፤ ማለትም ደራሲ ከልቡ አፍልቆ የሚጽፈው ታሪክ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የተጀመረ ሥራ

ጆርጄት ሄየር በ1902 ለንደን አጠገብ ዊምብልደን በሚባል ሥፍራ ተወለደች። ቦሪስ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። ቦሪስ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሕመምተኛ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ትንሽ ቢቆስል እንኳ ደሙ አልቆም ይላል። ስለዚህ እንደ እኩዮቹ መሮጥ፣ መዝለል አይሆንለትም።

እህቱ ምን አደረገች? የ17 ዓመት ልጅ ሳለች ወንድሟ እንዳይሰለቸው ታሪክ እየፈጠረች ትነግረው ጀመር። አባትየው ሰማ። ወደደውም። «ይህ ነገር ይታተም» አለ። በ1921 «ጥቁሩ የእሳት ራት» በሚል ስም መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ደራሲዋ ገና 19 ዓመቷ ነበር።

እንግዲህ አስተውሉ። ይህ ሥራ የተጀመረው ለዝና ወይም ለገንዘብ አይደለም። የታመመ ወንድምን ለማጫወት ነው።

በ1925 የማዕድን መሐንዲስ የሆነ ሰው አገባች። ባሏ ለሥራ ወደ ታንጋኒካ፣ ወደ ዛሬዋ ታንዛኒያ ሲሄድ ተከትላው ሄደች። ጫካ ውስጥ፣ በሣር ጎጆ ውስጥ ተቀመጡ። እዚያው ጎጆ ውስጥ ሆና ሌላ መጽሐፍ ጻፈች። በ1928 ታተመ። ታሪኩ በ1745 በእንግሊዝ መንግሥት ላይ ከተነሣው አመፅ በኋላ ስለ ተደበቁ ወንድምና እህት ነው። እንዳይታወቁ ብለው ወንድሙ የሴት ልብስ፣ እህቱ የወንድ ልብስ ለበሱ! ሴት ያልሆነችው «ሴት» ወንዶችን ስታሽኮረምም፣ ወንድ ያልሆነው «ወንድ» ከጎረምሶች ጋር ሲጋበዝ፣ ነገሩ እየተወሳሰበ ይሄዳል። አንድ ሰውነተ ትልቅ፣ እንቅልፋም የሚመስል ጨዋ ሰው ግን ዝም ብሎ ሲያይ ይቆይና ምሥጢሩን ይደርስበታል። ደርሶበትም አያጋልጥም፤ ልጅቱን ይወዳታል።

ስለ ገበያዋም አንድ ነገር እንንገራችሁ። በ1926 በእንግሊዝ አገር ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ሆነ። ጋዜጦች በወጉ መውጣት አልቻሉም። ልክ በዚያን ጊዜ ከመጽሐፎቿ አንዱ ታተመ። የሚያስተዋውቀው ጋዜጣ አልነበረም። ይሁን እንጂ 190,000 ቅጂ ተሸጠ። ማስታወቂያው የሰው አፍ ነበረ ማለት ነው። አንዱ አንብቦ ለሌላው ነገረ።

ዘመኑ የትኛው ነው?

ብዙዎቹ መጽሐፎቿ የሚተርኩት ከ1811 እስከ 1820 ስለ ነበረው የእንግሊዝ ዘመን ነው። ንጉሡ ጆርጅ 3ኛ አእምሮው ታወከ። መግዛት አልቻለም። ስለዚህ ልጁ እንደራሴ ሆነ። እንደራሴ ማለት በንጉሥ ፈንታ የሚገዛ ማለት ነው። በአገራችንም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ራስ ተፈሪ መኰንን እንደራሴ ነበሩ።

በዚያ የእንግሊዝ ዘመን መኪና የለም። ባቡር ሰው በየከተማው ማመላለስ አልጀመረም። መሄጃው ፈረስና ሠረገላ ነው። መሳፍንቱና መኳንንቱ ለንደን ላይ ግብዣና ጭፈራ ያበዛሉ። አለባበሳቸውን አሳምረው ይወጣሉ። ቁማር ይጫወታሉ። ክብራችን ተነካ ብለው በሽጉጥ ይጋጠማሉ። ሴት ልጅ ደግሞ ስታገባ ንብረቷ በሕግ ለባሏ ይሆናል። ካላገባችና አባት የተወላት ሀብት ከሌለ፣ የዘመድ እጅ እያየች መኖር ነው ዕጣዋ። ይህን ልብ በሉ። ቀልዱ የተሠራው በዚህ ሥጋት ላይ ነው።

እስቲ አንዱን ታሪክ እንንገራችሁ

በ1944 የታተመ አንድ መጽሐፍ አላት። ስሙ «የዓርብ ልጅ» ነው። በእንግሊዞች የልጆች ዜማ ውስጥ በየዕለቱ የሚወለድ ልጅ የየራሱ ጠባይ ይሰጠዋል፤ የዓርቡ ልጅ አፍቃሪና ቸር ተደርጎ ይነሣል። የመጽሐፉ ስም ከዚያ የመጣ ነው።

ሸሪ የሚባል የመኳንንት ልጅ አለ። ሀብታም ነው፤ ነገር ግን ሀብቱን ማዘዝ አይችልም። ንብረቱ በሞግዚቶች እጅ ነው። የሚለቀቅለት ወይ 25 ዓመት ሲሞላው፣ ወይ ሚስት ሲያገባ ነው። እሱ ደግሞ ቁማር አባክኖታል፤ 25 እስኪሞላው የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ ወደ አንዲት ዝነኛ ቆንጆ ሄዶ «አግቢኝ» አላት። ቆንጆይቱ አልሞኘችም። እምቢ አለችው።

ሸሪ ተናደደ። «እንግዲህ መጀመሪያ ያየኋትን ሴት አገባለሁ!» ብሎ ማለ። ሠረገላውን አስነሥቶ ሲጋልብ፣ ከመንገድ ዳር ካብ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣ አየ። ሂሮ ትባላለች። ወላጆቿ የሞቱባት፣ ከዘመድ ቤት ተጠግታ ያደገች ድኻ ናት። ዘመዶቿ «በቃሽ፣ ሄደሽ በሰው ቤት ልጆች እያስተማርሽ እንጀራሽን ብዪ» ብለዋታል። ሸሪን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። በልቧም ትወደዋለች። እሱ ብሶቱን ሲነግራት፣ መሐላውንም ሲያጫውታት፣ መጀመሪያ ያያት ሴት እሷ ራሷ መሆኗን ያስታወሰችው እሷው ናት። ጉድ ነው! ሸሪም «እውነትሽን ነው» ብሎ ሠረገላው ላይ ጫናት። ለንደን ገቡ። በጓደኞቹ ርዳታ ተጋቡ።

ከዚህ በኋላ ነው መከራውም ሣቁም የሚጀምረው። ሂሮ የከተማ ወግ አታውቅም። አስተማሪዋ ባሏ ብቻ ነው። ባሏ ደግሞ መልካም አስተማሪ አይደለም። እሱ ከጓደኞቹ ጋር የሚናገረውን ቃል እሷ በትልልቅ ሰዎች ፊት ትደግመዋለች። ቁማር ቤት ትገባለች፤ ገንዘብ ትበላለች። ከአንዲት የመኳንንት ሴት ጋር በሠረገላ ለመወዳደር ትስማማለች። ሸሪ ይቆጣል። ቁጣው ግን ዞሮ በራሱ ላይ ይወድቃል። ልጅቱ የምትሠራው ሁሉ እሱ ሲሠራ ያየችውን ነውና!

በመጨረሻ «እናቴ ዘንድ ሄደሽ ወግ ትማሪ» ብሎ ፈረደባት። ሂሮ ጠፋች። የጠፋችውም በባሏ ጓደኞች ርዳታ ነው። ባዝ ወደምትባል የፍል ውሃ ከተማ ወስደው ከአንዲት አሮጊት ወይዘሮ ቤት ደበቋት። ሸሪ ቤቱ ጭር አለበት። ፈለጋት፤ አጣት። ያን ጊዜ ነው ሚስቱን እንደሚወድ የገባው። አዬ ሸሪ! «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለውን ተረት የሚነግረው አላገኘም።

ከጓደኞቹ አንዱ ፈርዲ ነው። ፈርዲ ልበ ደግ ነው፤ አሳቡ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። በትምህርት ቤት ስለ ጥንት ግሪኮች ተምሯል። የቀረለት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ክፉ የሠራን ሰው ከኋላው ኮቴ ሳያሰማ መጥቶ የሚይዝ አንድ የግሪክ ፍጡር አለ። ስሙ ጠፋበት! ግሪኮች ነሜሲስ የሚሏት ናት። ፈርዲ ግን ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ይመለስበታል። «ያ ከኋላ የሚመጣው ግሪክ!» እያለ ጓደኞቹን ያስጨንቃል። እነሱም ማን ነው የሚመጣብን ብለው ግራ ይጋባሉ። ቃል ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው የለምና፣ ፈርዲን ማን ይጠላዋል?

ለምን ይወደዳል?

አንደኛ፤ መጨረሻው አያሠጋም። አንባቢው ሁለቱ እንደሚስማሙ ከጅምሩ ያውቃል። ጥያቄው «ይስማማሉ ወይ?» ሳይሆን «በምን ብልሃት?» ነው። እንደ ሠርግ ቤት ነው። ሙሽራይቱ እንደምትመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሁሉም አንገቱን አስግጎ መንገድ መንገዱን ያያል።

ሁለተኛ፤ የሚሣቅበት ኩራተኛው ነው። በእነዚህ መጽሐፎች ውስጥ ድኻዋ ልጅ መሣቂያ አትሆንም። መሣቂያው ራሱን አዋቂ ያደረገው ባለማዕርግ ነው። አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው የሚታወቁት ትልቁን ሰው ሳይፈሩ በመውጋታቸው አይደለም ወይ? የዚህም ሣቅ ዘር ከዚያ አይርቅም።

ሦስተኛ፤ ሴቶቹ ዝም አይሉም። በ1950 በታተመ ሌላ መጽሐፍ ሶፊ የምትባል ልጅ አለች። አባቷ መንገድ ስለሚሄድ አክስቷ ቤት ትላካለች። ስትመጣ ፈረስ፣ ውሻ፣ ዝንጀሮና በቀቀን አስከትላ ነው! ቤቱ ሁሉ ይናወጣል። ዘመዶቿ አንዱ አንዱን እየፈራ፣ አንዱ አንዱን እየደበቀ የሚኖሩ ናቸው። ሶፊ በብልሃቷ የእያንዳንዱን ቋጠሮ ትፈታለች።

አራተኛ፤ የድሮውን ዘመን በእጅ ያስዳስሳል። ነገሥታት መቼ ነገሡ የሚለውን የታሪክ መጽሐፍ ይነግረናል። ሰው ምን በልቶ፣ ምን ለብሶ፣ በስንት ሰዓት ከከተማ ከተማ ደረሰ የሚለውን ግን የምናገኘው እንዲህ ባለው ታሪክ ውስጥ ነው።

ቀልድ ቀላል ሥራ አይደለም

«ይህማ የወሬ ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጆርጄት ሄየር ስትሞት ቤቷ ከ1,000 በላይ የታሪክ መጽሐፎች ነበሩ። ስለ ልብስ፣ ስለ ባርኔጣ፣ ስለ ሱቆች፣ ስለ ዋጋ በየክፍሉ ለይታ ማስታወሻ ትይዝ ነበር። በአንድ ዓመት የሻማ ዋጋ ስንት እንደ ነበረ ሳይቀር ጽፋ አስቀምጣለች። በ1937 ስለ ዋተርሉ ጦርነት መጽሐፍ አሳተመች። ዋተርሉ በ1815 የፈረንሳዩ ናፖሊዮን የተሸነፈበት ጦር ሜዳ ነው። ውጊያውን አጣርታ ከመጻፏ የተነሣ መጽሐፉ በእንግሊዝ የጦር መኰንኖች ትምህርት ቤት እንዲነበብ ይመከር ነበር።

ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ማሳው ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ያለውን ሥራ የሚያውቀው ያረሰው ነው።

እስር ቤት የገባ ሣቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለሣቅ የተጻፈ መጽሐፍ ምን ይጠቅማል?

«የዓርብ ልጅ» የታተመው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ ነው። ለንደን በቦምብ ተደብድባለች። ደራሲዋ ራሷ በደብዳቤዋ በሥራዋ ላይ ትቀልድ ነበር። ከንቱ ነገር ነው እያለች፣ ከቦምብ መሸሸጊያ ጉድጓድ ውስጥ ብቀመጥ ወይም ከሕመም ሳገግም ግን ባነበው ደስ ይለኝ ነበር ብላለች። የተናገረችው ከምታስበው በላይ እውነት ሆነ።

ከጊዜ በኋላ ከሩማንያ አንድ ደብዳቤ ደረሳት። የጻፈችው በፖለቲካ ምክንያት 12 ዓመት የታሰረች ሴት ናት። በእስር ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ የለም። ይህች ሴት ግን ከመታሰሯ በፊት «የዓርብ ልጅ»ን አንብባ ነበር። ታሪኩ ጭንቅላቷ ውስጥ ነበረ። ስለዚህ ለእስረኞቹ ትነግራቸው ጀመር። ሸሪ እንዴት እንደ ማለ፣ ሂሮ ካብ ላይ እንዴት እንደ ተቀመጠች ነገረቻቸው። ሲያልቅ እንደገና ትጀምራለች። እንዲህ እያደረገች ራሷንም ጓደኞቿንም አእምሯቸው እንዳይታወክ ጠበቀች። ደራሲዋ ከአንባቢዎቿ ደብዳቤ ሁሉ ይህን አክብራ አስቀመጠችው።

እስቲ ይህን እናስብበት። ዘበኛው በር ይዘጋል። ዳቦ ይቀንሳል። መጽሐፍ ይወስዳል። አንዴ አንብባ በልቧ ያኖረችውን ግን ማን ይወስድባታል? የተነበበ ነገር የሰው የራሱ ሀብት ነው። ደግሞም ተመልከቱ። እስረኞቹን ያቆማቸው ስለ አንዲት ሞኝ መሳይ ልጅና ስለ አንድ ቁማርተኛ ባሏ የተጻፈ ቀልድ ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ «ነገስ ምን ትነግሪናለሽ?» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነገን ተስፋ ያደርጋል።

ዓይን ገልጦ ማንበብ

መጽሐፍ ወዳጅ ነው፤ ወዳጅንም ቢሆን መመርመር ይገባል።

እነዚህ ታሪኮች የሀብታሞች ታሪኮች ናቸው። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ድኻ በፋብሪካ ጭስ ውስጥ ነበረ። በ1819 ማንችስተር ከተማ የምርጫ መብት ለመጠየቅ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ጦር ዘመተበት። ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። በእነዚህ የሣቅ መጽሐፎች ውስጥ ይህ ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ ስናነብ «ይህን ሁሉ ድግስ ያበሰለው ማን ነው? ፈረሱን የቀለበው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ሂሮ ስታገባ 17 ዓመት እንኳ አልሞላትም። በአገራችን ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላት አለበት። በመጽሐፍ ውስጥ ያሣቀን ነገር ሁሉ በቤታችን እንዲደረግ የሚፈለግ አይደለም። ስለ ሶፊ በተጻፈው መጽሐፍ ውስጥም አንድ አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ አለ። የተሣለው ሕዝቡን በሚያንቋሽሽ አኳኋን ነው። ይህ ጥፋት ነው። ጥሩ አንባቢ በቀልዱ ይሥቃል፤ ጥፋቱን ግን አብሮ አይውጥም። ስንዴውን ወስዶ እንክርዳዱን ይጥላል።

በእኛስ ቋንቋ?

የዚህ ዓይነት ታሪክ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1908 ሮም ላይ ታተመ። ብዙ ሰው «ጦቢያ» እያለ ይጠራዋል። ጦቢያ የምትባለው ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትዞራለች። በድሮ ዘመን የተደረገ ተደርጎ የተተረከ ነው። ጦርነት አለበት፤ ፍቅር አለበት፤ መጨረሻው ሠርግ ነው። በታንጋኒካ ጎጆ ውስጥ የወንድ ልብስ የለበሰች ልጅ ታሪክ ከመጻፉ በፊት፣ በአማርኛ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ጆርጄት ሄየር በ1974 ሞተች። መጽሐፎቿ ግን ዛሬም ይታተማሉ፤ ይነበባሉ።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ መልሳችን ይህ ነው። ለመሣቅ ማንበብ ነውር አይደለም። የሚያስቅ ታሪክ ያገኘ ሰው ለራሱ ብቻ አይያዘው። እኛ አስተማሪዎች የምንመክረው እንዲህ ነው። በቀን ሁለት ገጽ አንብቡ። የከበዳችሁን ቃል አስምሩበት፤ አስተማሪያችሁን ወይም ልጆቻችሁን ጠይቁ። ያነበባችሁትን ማታ በምድጃ ዙሪያ ለቤተሰብ ንገሩ። ፊደል ያልቆጠረው ጎረቤታችሁም «ቀጥሎስ?» ብሎ ይጠይቃችሁ ይሆናል። «ቀጥሎ ያለውን ራስህ አንብበው» በሉትና ወደ ትምህርት ጣቢያው ይዛችሁት ኑ።

እንወያይበት

1. ሸሪ በሚስቱ ላይ የተቆጣው በትክክል ነው ወይ? ጥፋቱስ የማን ነው?

2. የሩማንያዋ እስረኛ ምንም መጽሐፍ ሳይኖራት ጓደኞቿን የረዳቻቸው በምን ነው?

3. በአካባቢያችሁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሚያጫውቱት የሚያስቅ የድሮ ታሪክ አለ ወይ? አንዱን በ10 መሥመር ጻፉና በሚመጣው ሳምንት ለክፍሉ አንብቡ።